የአጥሩ ማዶ ሰዎችና የፀሐይ ድርሻ

ሚስተር ኮዘክን ያገኘኋቸው ሳላስበው ነው። የእናቴን አንሶላዎች ይዤ ወደ ሰፈራችን የልብስ ማጠቢያ ቤት ስገባ፣ የቤታቸው ማሽን ተበላሽቶባቸው ኖሮ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ካልሲ ያጣምሩ ነበር። ሚሺጋን ሐይቅ ዳር በሚገኘው የከሰል ኃይል ማመንጫ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጡረተኛ ጓደኞቻቸው ሁሉ ቃላቸውን የሚሰሙ ሰው ናቸው።

ቦርሳዬ ውስጥ ሰው የማስፈርምባቸው የመብራት ኩባንያው ቅጾች ነበሩ። ኩባንያው ከከተማው ውጭ የሶላር መስክ፣ ከፀሐይ መብራት የሚያመነጭ፣ ሊተክል አስቧል። ደንበኞች ፈርመው ከሚመነጨው ኃይል ድርሻ እስከ ዓርብ ከወሰዱ ይተክለዋል፤ ካልወሰዱ የማመንጫው አሮጌ ሁለተኛ ቦይለር፣ እንፋሎት የሚያፈላው ምድጃ፣ ከሰል ማቃጠሉን ይቀጥላል። የጎደለው የማመንጫው ጡረተኞች ፊርማ ነበር። ሰው ደፍሬ የማናግር አይደለሁም፤ ሆኖም ሌላ ዕድል እንደማላገኝ ስላወቅሁ አንድ ቅጽ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«ይኼንንማ ለውሻዬ አንጥፌለት ነበር» አሉ። «እሱም አልፈረመም።»

«ለምን እንደጠሉት ይንገሩኝና እሄዳለሁ።»

«ልጄ፣ እኔ ያረጀሁት መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነው። የፀሐይ ለብቻ፣ የከሰል ለብቻ የሚሄድበት ሽቦ የለም። ሁሉም አንድ ድስት ውስጥ ነው የሚገባው። ፈረምሽም አልፈረምሽም ቤትሽ የሚመጣው ያው ነው። ስሙን ነው የሚሸጡልሽ።»

«ስለ ሽቦው ልክ ነዎት። ግን በድርሻዎ ልክ ኩባንያው ድስቱ ውስጥ ከፀሐይ የመጣ ኃይል ማስገባት አለበት። ከከሰሉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የኃይል ፍላጎት ሲቀንስ ቦይለሩን ዝቅ የሚያደርጉት እርስዎ ነበሩ።»

ሌላ ጥንድ ካልሲ አነሱ።

«ኩባንያውስ?» አሉ። «ከሰሉም የሱ፣ ፀሐይዋም የሱ። ሲያሻው በጭስ ያፍነናል፣ ሲያሻው ንጹሕ ነኝ ይላል። በበረዶ አውሎ ነፋስ እንቅልፍ አጥተን ከተማውን ስናሞቅ ቆሻሻ ያለን አልነበረም።»

«ቆሻሻ አላልኩም። እኔም ያጠናሁት በእናንተ መብራት ነው።»

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የሎሬታ ፒልቸር። ከማመንጫው አጥር ማዶ፣ ሰማያዊው ቤት።»

«አወቅኋት። የከሰሉ አመድ ሰፈሩ ላይ በነፈሰ ቁጥር ኩባንያው ለጎረቤት የሚሰጠውን የነፃ መኪና ማጠቢያ ኩፖን የማደርሰው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም። አመስግና ነው የምትቀበለኝ።»

«አዎ። መኪና አልነበረንም።»

«መቼ?»

«መቼም አልነበረንም።»

ካልሲው እጃቸው ላይ ቀረ። «ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«ሠራተኛ ነው፣ ምን ያድርግ ትል ነበር።»

«አሁንስ እንዴት ናት?»

«በኦክስጅን ነው የምትተነፍሰው።»

ከዚህ በኋላ የጠየቁኝ ሁሉ የሚፈርም ሰው ጥያቄ ነበር። ቤት የተከራየም መግባት ይችላል አልኳቸው፤ ፓነል ሊተክል ጣሪያ ላይ የሚወጣ የለም፤ በወር ሒሳቡ ላይ ትንሽ ይጨመርና መስኩ ሲያመነጭ ከሒሳቡ ይቀነሳል፤ ያልፈለገ ይወጣል፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ቤት የለወጠም ድርሻውን ይዞ ይሄዳል።

ፈረሙ። የቀሩትን ቅጾችም ከእጄ ወሰዱ።

«ነገ ቁርስ ላይ ለሰዎቹ አድላለሁ። መሰደቤ አይቀርም።»

«ምን ይሏቸዋል?»

«እንደ ልማዴ ኩፖን አመጣሁላችሁ እላለሁ» አሉ፤ ግን አልሳቁም። «እናትሽስ ፈረመች?»

«ከሁሉም ቀድማ።»

«መስኩን ታየዋለች?»

አንሶላዎቹን ማሽኑ ውስጥ መክተት ጀመርኩ።

መስኩ በተከታዩ በጋ ተተከለ፤ ሁለተኛው ቦይለር ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ቆይቶ ቆመ። ጥቅሙን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፦ የራሱ ጣሪያ የሌለው ሰውም የፀሐይ ድርሻ አለው፤ ከአጥሩ ማዶ የታጠበ ልብስ ውጭ ይደርቃል፤ ልጆች ሳያስሉ ያድራሉ። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ብዙ ሰው በፊርማው ችሎታል።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ሰማያዊውን ቤት አከራይቼዋለሁ። ተከራዮቹ መስኮቶቹ ዙሪያቸውን ለምን በፕላስተር እንደታሸጉ ጠየቁኝ። አመዱ እንዳይገባ ነበር፤ አሁን መክፈት ትችላላችሁ አልኳቸው።