የማዳም ሉዊዝ ከተማ

ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው። ከምንከባከባቸው አረጋውያን መካከል ማዳም ሉዊዝ የሚባሉ ፈረንሳዊት አሉ። የመርሳት ሕመም ስለጠናባቸው የገዛ ልጃቸውን ክሌርን እንኳ አያውቋትም፤ ልትጠይቃቸው ስትመጣ «የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። አንድ ቀን ክሌር አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለ ምሳቸውን አብልቼ ስጨርስ፣ እስክሪብቶዬን ከደረት ኪሴ መዘዙና ናፕኪኑ ላይ መሳል ጀመሩ። መጀመሪያ የተጠማዘዘ ወንዝ፣ ከዚያ ኮረብታ፣ በመሀል የባቡር ሐዲድ፣ ወንዙ ላይም ሁለት ድልድዮች። «ከፓሪስ ወጣ ብላ ያለች ከተማዬ ናት» አሉኝ። «ልጅ ሳለሁ ወንዙ ዳር ሁሉ የጎመን እርሻ ነበር። ባቡሩ ሠራተኛ አመጣ፣ እርሻው ቤት ሆነ። ኋላም ፎቆቹ ኮረብታው ላይ ወጡ።» መንገዱን ሁሉ በየስሙ እየጠሩ አሰመሩት።

ክሌር ስልኳ ላይ የከተማዋን ማፕ ከፈተች። ጎንበስ ብዬ ሳይ ወንዙ እዚያው ጋ ይታጠፋል፣ ድልድዮቹም እሳቸው የሳሏቸው ሁለቱ ናቸው። እኔ የምኖርበትን ሰፈር እንኳ ያለ ጂፒኤስ አላውቀውም። ክሌር «እማዬ፣ ቤታችንስ?» አለቻቸው። ከሐዲዱ ጀርባ ትንሽ ቤት ሳሉና «እዚህ ክሌር የምትባል ልጅ ወለድኩ። ታውቂያታለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«አውቃታለሁ» አለች።

«እንግዲያው ይሄን ስጪልኝ፤ መንገዱ እንዳይጠፋት» አሉና ናፕኪኑን አጥፈው በእጇ አስጨበጧት።