ባሕር መካከል መውረጃ የለም

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከማስተምርበት ከፔዳ ካምፓስ አጠገብ ወደተከራየሁበት ግቢ ስመለስ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የሱሪያቸው ጫፍ እርጥብ ነበር። ሐጂ ቡርሀን እንደሚባሉና ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ ወደብ በጀልባ እንደመጡ ነግረውኝ፣ «ነርሷ ፈይዛ እዚህ ናት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ፈይዛ ጎረቤቴ ናት። ከሰላም አስከባሪ ጦር ጋር ዘምታ ገና መመለሷ ነው። ይዣቸው ገባሁ። ትከሻቸውን ስማ ወንበር አቀረበችላቸው።

«አልቀመጥም» አሉ። «የመጣሁበትን ሳትፈጽሚልኝ አልቀመጥም።»

ሽማግሌን ከቤት አቁሞ መመለስ በእኛ አገር ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም። እሳቸውም ይህን አውቀው ነው የቆሙት።

«የእህቴ የመዲና ልጅ ካሚል አብሮሽ ዘምቶ ነበር» ሲሉ ጀመሩ። «ሰኞ ከውጭ በመጡ መርማሪዎች ፊት ልትመሰክሪበት ነው አሉ። ተዪው፣ ልጄ። በድሎሽ ከሆነ እግርሽ ላይ ይወድቃል።»

«እኔን አልበደለኝም፣ ሐጂ።»

«አልሀምዱሊላህ። እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው።»

«የተበደለችው እዚህ የለችም። ከማን ጋር ሊያስታርቁት ነው? ከእኔ ጋር? እኔ ምን ሆኜ?»

ሐጂ ምርኩዛቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ፈይዛ ድምፅዋን ሳታነሣ ነገረቻቸው። ጦሩ በሚጠብቀው የተፈናቃዮች መጠለያ ውሃ በቦቴ ይመጣ ነበር። በሩ ላይ የሚቆመው ካሚል ነበር፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚመለስ የሚወስነውም እሱ። ልጆች ያሏትን አንዲት መበለት ጀሪካኗን ባዶውን አስይዞ ደጋግሞ መለሳት። በኋላ «ማታ ብቻሽን ነይ» አላት፤ ሄደች።

«ስሟን አልነግርዎትም» አለች። «ክሊኒክ መጥታ የነገረችኝን ለመርማሪዎቹ እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች።»

«ዱላ አንሥቶባታል?»

«አላነሣም።»

«ታዲያ በፈቃዷ ነው። ኀጢአት አይደለም አልልም፤ ከአላህ ጋር ይጨርሱት። እሱም አገሩ ገብቷል። የቤተሰብንና የአገርን ስም በባዕድ ፊት ማጉደፍ ምን ይረባል?»

እኔ እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ይህንኑ ንግግር ከረባት ካሰሩ ባልደረቦቼም ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ ስም ይቀድማል፤ ሴትዮዋ በመጨረሻ ትመጣለች፣ ከነጭራሹም ትረሳለች። አፌን ልከፍት ስል ፈይዛ በእጇ ምልክት አስቆመችኝ።

«ትምህርት ቤት ስመላለስ በጀልባዎ ያሻገሩኝ እርስዎ ነዎት» አለች።

«እንዴታ። ዓሣ ሲዘል እየደነገጥሽ እጅጌዬን ትይዢ ነበር።»

«ዓሣ እፈራ ነበር። ጀልበኛ ግን ፈርቼ አላውቅም። አስማማው የሚባለውን ጀልበኛ ከወደቡ ስላባረራችሁት ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «የዚያን ባለጌ ስም ምን አነሣሽው?»

«ምን አድርጎ ነበር? መምህሩም ይስሙት።»

«ባሕር መካከል ሞተር አጥፍቶ ተሳፋሪ ሴት ደፈረ። ጀልባውን ጎትተን የብስ ላይ አወጣናት። እስከ ዛሬ እዚያው ትበሰብሳለች።»

«ሽማግሌ አልላከም?»

«ልኳል። አልሰማነውም።»

«'በፈቃዷ ነው' አላለም?»

«ብሏል፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ። ባሕር መካከል ምን ፈቃድ አለ? ወዴት ትወርዳለች?»

ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ተሰምቶ አለፈ።

«ውሃው በካሚል እጅ ነበር» አለች ፈይዛ። «ልጆቿ ተጠምተዋል። እሷስ ወዴት ትውረድ? አዛዣችን ዘንድ ሄድሁ፤ 'የራስሽን ወንድም ለምን ታሳጫለሽ' አለኝ። ከዚያ ካሚልን በጸጥታ ወደ አገሩ ላኩት። አስማማውን ከነጀልባው ወደ ሌላ ወደብ ብትልኩት ኖሮ አባረርነው ትሉ ነበር? ካሚልም ስሙ ንጹሕ ሆኖ ከቀረ ነገ ሌላ በር ላይ ይቆማል።»

«ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው እንዴ ታዲያ?» አልሁ።

«አይደለም እንጂ። ውሃ የሚያድል ሰው ብቻውን አይቆምም፤ ከተፈናቃዮቹም ሴቶች አብረው ይቁሙ። አቤቱታ የሚሰማው ከወታደሩ ውጭ የሆነ፣ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ይሁን። የሸፈነ አዛዥም አብሮ ይጠየቅ። እኛ ስንዘምት ስለዚህ ጉዳይ ንግግር ተደርጎልን ነበር፤ እያንቀላፋን ሰማነው፣ አጨብጭበን ወጣን።»

ሐጂ ቡርሀን ወደ ፈይዛ ዞሩ። «አሁንስ ውሃ ታገኛለች?»

«አላውቅም። ከተናገረች በኋላ ወደ በሩ መጥታ አታውቅም።»

ያን ጊዜ ሽማግሌው የመጡበት ሳይፈጸም ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

«ልጆቻችን ሲዘምቱ ሰብስበን እንመርቃለን» አሉ ቀስ ብለው። «ምን እንዳታደርጉ ብለን ግን ነግረናቸው አናውቅም። ከእንግዲህ ከምርቃቱ በፊት ያችን የበሰበሰች ጀልባ አሳያቸዋለሁ።»

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቀድሞ የተነገረው ወጣት ያፍራል፤ የሚጠየቅ መሆኑን የሚያውቅ አዛዥ አይሸፍንም፤ የተጠማች ሴትም ጀሪካኗን ይዛ ያለ ፍርሃት ትሰለፋለች። ፈይዛ በልጅነቷ ያለ ፍርሃት ጀልባ የተሳፈረችው የቁንዝላ ሰዎች አንድ ጊዜ ሽምግልና እንቢ ስላሉ ነው።

ሐጂ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«መዲና፣ እኔ ነኝ። እንቢ አላለችኝም፤ እኔ ነኝ የተውሁት። ካሚል ሰኞ ራሱ ቀርቦ ይናገር፣ ይዤው እመጣለሁ።» ከወዲያ በኩል ልቅሶ ተሰማ። ሐጂ ዐይናቸውን ጨፈኑ። «አውቃለሁ፣ እቴ። አስማማውም እናት ነበረችው።»