ማሽናቸውን መቀነት ያላስታጠቁት ሰው

ለሽኝት የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ይህ የወንድማችን ዜና ሕይወት በታላቅ እህታቸው ተጽፎ በታላቅ እህታቸው የሚነበብ ነው። የሙያ ጓደኞቻቸው አዘጋጅተው ያመጡት ሌላ ጽሑፍ ነበር፤ ሆኖም «ጀግና» የሚለው ቃል በየመስመሩ ስለተደነቀረበት ከመነበብ ቀርቷል።

ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ተወልደው፣ እሳት አትንካ ሲባሉ የሚነኩ፣ ሲቃጠሉም እሳቱን የሚሳደቡ ሕፃን ሆነው አደጉ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው፣ መምህሮቻቸውን ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ንቀው ከጨረሱ በኋላ፣ የብረት ሥራ ሠልጥነው ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው በቶርኖ ማሽን ሙያ ተሰማሩ። እጃቸው ወርቅ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም፤ ችግሩ እሳቸውም አለመካዳቸው ነው።

ለብዙ ዓመታት ተቀጥረው ከሠሩ በኋላ፣ በጎማ ጠጋኙና በማተሚያ ቤቱ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍል አሮጌ ቶርኖ ተክለው የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ፤ ከማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ጋርም ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። የባለቤታቸውን ትዕግሥት ለመዘርዘር ጊዜው አይበቃንም።

ማሽኑ አሮጌ በመሆኑ፣ ብረቱን በመንጋጋው ነክሶ የሚያዞረው ቻክ ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው እንደ ጠርሙስ ክዳን በጥርስ ተጠምዝዞ ነበር፤ ወደ ፊት ሲሠራ ሥራው ራሱ ያጠብቀዋል፣ ወደ ኋላ ሲሠራ ግን ያው ኃይል ይፈታዋል። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ማሽኑን ወደ ኋላ ከማዞሩ በፊት ቻኩን አንቆ የሚይዝ የብረት ቀለበት ያስራል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በስሱ ይቆርጣል፣ ማሽኑ ጸጥ ብሎ ሳይቆምም አቅጣጫ አይለውጥም። ወንድማችን ከእነዚህ አንዱንም አያደርጉም ነበር። ቀለበቱን «መቀነት» ብለው ሰየሙት፤ «ወንድ ልጅ ማሽኑን መቀነት አያስታጥቅም!» እያሉም፣ ቻኩ ወደ ፊት በፍጥነት እየተሽከረከረ ሳለ ማብሪያውን ወደ ኋላ ሲገለብጡት፣ በር ላይ የተኮለኮሉት የዛሬ ለቀስተኞች ያጨበጭቡላቸው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የውኃ ፓምፕ አካል ለሥራ መጣላቸው። ቀዳዳው በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ፣ መውጫ የሌለው ስለነበረ፣ መቁረጫው ከመጨረሻው ግድግዳ ጋር እንዳይጋጭ የብሎን ጥርሱን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ማሽኑን ወደ ኋላ እያዞሩ መቅረጽ ጀመሩ፤ ዘዴው ብልህ ነበር፣ ሰውየው ግን ቀለበቱን አላሰሩም። ቻኩ ተፈትቶ ከነፓምፑ ወደቀ፣ ጉልበታቸውን ሰብሮ በበሩ ወጣ፣ የማተሚያ ቤቱ ግንብ ላይ ሄዶ ቆመ። ወንድማችን ወለሉ ላይ ተዘርረው የመብራቱን መዋዠቅ ሲረግሙ ተሰሙ።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን የተረከበችው ከእሳቸው የተማረችው ልጃቸው ናት። በመጀመሪያው ቀን ያን ቀለበት ሠርታ አሰረች። አባቷ ክራንቻቸውን ተደግፈው በር ላይ እንደተቀመጡ፣ ደንበኛ እየሰማ፣ «ይሄን መቀነት ካልፈታሽ ልጄ አይደለሽም» አሏት። «እሺ አባዬ» ብላ የቀለበቱን ብሎን ትንሽ ጨምራ አጠበቀችው። እሳቸውም አኮረፉ፤ በአንድ ገበታ ቀርበው እንኳ ባለቤታቸውን «ጨው ታቀብለኝ በያት» እያሉ፣ ያሳደጓትን ልጅ እንደሌለች ቆጥረው ዓመታት ኖሩ። ልጅቱ ግን ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ አባዬ» ማለቷን አላቋረጠችም፤ ይህን ያየች እህታቸው አንጀቷ አሯል።

በኩላሊት ሕመም ተይዘው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ፣ በመጨረሻው ምሽት ልጃቸውን በእጃቸው ጠቀሷት። ሊመርቋት ነው ብለን ሁላችንም አለቀስን። ጎንበስ ስትልላቸው «ፈታሽው?» አሏት። «አልፈታሁም» አለች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ጎሕ ሲቀድ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ትናንት ማታ እነዚያው የሙያ ጓደኞቻቸው ልጅቱን ከበው፣ ለአባቷ ክብር ስትል አንድ ሥራ ያለ ቀለበት ወደ ኋላ እንድትሠራ ለመኗት። አንዱን ቀብረን ሳንመለስ ሁለተኛ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ ወዳጆች ማፍራት የወንድማችን ልዩ ተሰጥኦ ነበር። ልጅቱ ሰኞ ክፍሏን ትከፍታለች፣ ቀለበቱንም ታስራለች፤ ቅር ያለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያኩርፍ።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ታላቅ እህታቸውን፣ እንዲሁም አካሏ ሙሉ የሆነ አንዲት ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ምንም ነገር የማይሽከረከርበት ጸጥ ያለ ማረፊያ ይስጥልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ያድል። ለልጃቸው ነፍገዋት የሄዱትን ምርቃት ግን እኛው እዚሁ ቆመን እንመርቃት፦ እጅሽ ይባረክ፣ እንጀራሽ ይስፋ፣ በጤና አርጂ። አሜን በሉ።