ባዶ ነው የተባለው ባሕር

ክቡራትና ክቡራን! ምነው ሳቃችሁ? አንድ ሽማግሌ ሾፌር ለሁልጊዜው ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት ለአንድ ቀን እንኳ ክቡራን ቢላችሁ ምን ይጎድልበታል? አይዟችሁ፣ ከነገ ጀምሮ ወደየስማችሁ ትመለሳላችሁ።

ምስጋናዬን ላስቀድም። የዓርብ ዕረፍቷን ትታ ይህን ሁሉ ያሰናዳችውን እህቴን እጅጋየሁን፣ የቤታችንን የወጥ ቤት አዛዥ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬስ ጨው አልበዛም፤ ስለምሄድ ደስ ብሏት መሆን አለበት። ሙሄ፣ የበራችን ጠባቂና የአትክልታችን ሹም፣ ወንበሮቹን ከጎረቤት ለምኖ አምጥቷል። የቤቱን ጽዳት የያዘችው ሰዒዳ፣ እንደ ልጄ የማያት፣ ግቢውን መሬቱ እስኪያፍር ድረስ አጥባዋለች። እናንተም በዚህ በዓረብ አገር ሙቀት ከነሲምና ከፉጣ ሰፈር እስከዚህ መላዝ ድረስ የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የመጣ እግራችሁ ይባረክ።

አሁን ስለ ሥራዬ ማውራት ነበረብኝ። ማዳምን ከቤት ወደ ገበያ ወሰድኩ፣ ከገበያ ወደ እህቷ ቤት ወሰድኩ፣ መልሼ አመጣሁ። ይኸው አለቀ። ስለዚህ ስለ ሌላ ነገር ላውራችሁ፤ በመጅሊስ፣ ያ የወንድ እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ጥግ ላይ ስለቆመው የመስታወት ገንዳ።

ማዳም ናጃት ትናንት መኪና ውስጥ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ሚልኪያስ፣ አንተ ስትሄድ ገንዳውም ይሄዳል። ባዶ ነገር ማን ይጠብቃል? ቅዳሜ ሙሄ ይድፋው፣ እኔ የፕላስቲክ አበባ አደርግበታለሁ።»

«ማዳም፣ ባዶ አይደለም» አልኳት።

«እሺ፣ ከአንተ በኋላ ተጠያቂ የሚሆን ሰው ካለ ይቆይ። ከሌለ ኸላስ፣ አበቃ።»

እንግዲህ ልሰናበታችሁ ብቻ የቆምኩ መስሏችሁ እንዳትታለሉ። ሰው ፍለጋ ነው የቆምኩት።

ገንዳውን ለማታውቁት፦ የቤቱ ጌታ ባባ ጀብሪል ከጅዳ በኩል ከቀይ ባሕር የመጣ ድንጋይ በእርጥብ ጆንያ አስመጥቶ፣ ጨዋማ ውሃ ሞልቶ፣ ቢጫና ሰማያዊ ዓሣ ለቆበት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ወሬው ሁሉ ዓሣ ነበር። ከዚያ ቤተሰቡ ሙቀት ሽሽት ወደ ደጋው ከተማ ወደ አብሃ ሄደ፤ ክፍሉ ተቆለፈ፣ ኤሲው ጠፋ። በእኛ አገር ዝናብ በሚዘንብበት ወር እዚህ ምን እንደሚዘንብ ታውቃላችሁ። ሲመለሱ ዓሣዎቹ በሙሉ ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ዓሣዎቹስ?» ይላል፤ ባባ ሌላ ወሬ ያነሣል፤ ማዳም ከጓዳ ሆና ታፍራለች።

እኔስ እንዴት አየሁት? የሾፌር ሥራ መንዳት ይመስላችኋል? መጠበቅ ነው! ማዳም «ያላ! ያላ! መኪና አውጣ!» ትልና ልክ ሞተር ሳስነሣ «አምስት ደቂቃ» ትላለች። የእሷ አምስት ደቂቃ ጢም ያበቅላል። በአንዱ አምስት ደቂቃ ላይ ኤሲ ፍለጋ መጅሊስ ገብቼ መስታወቱ ላይ ደገፍ አልኩ። አንድ ነጥብ ተንቀሳቀሰ። ዓይኔ ነው አልኩ፤ ያው በዚህ ዕድሜ ብዙ ነገር ዓይኔ ነው። ጨፈንኩ፣ ገለጥኩ። ነጥቧ አሁንም ትሄዳለች። ከጎኗ ሌላ። ከዚያች ጎን ሌላ። መስታወቱ በሙሉ ይሄዳል!

ለካስ ዓሣዎቹ እያሉ እነዚህ ተደብቀው ነበር፤ ዓሣ ይበላቸዋላ። ትልልቆቹ ሲያልቁ ትንንሾቹ አደባባይ ወጡ። እኛ ባዶ ያልነው ያን ጊዜ፣ ገንዳው ከመቼውም ይልቅ ሞልቶ ነበር።

ይህን ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። ሽማግሌው ነጥብ ማየት ጀመረ እንዳትሉኝ። ታዲያ አንድ ጠዋት ሰዒዳ እየሮጠች መጣች።

«አባባ! አባባ! ባሕሩ ቅማል ያዘው!»

እጇ ላይ በረኪና ይዛለች፤ ክዳኑ ተከፍቷል።

«ቆዪ ልጄ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልጨምርበት ነዋ! ማዳም ካየችው በሻንጣሽ ያመጣሽው ነው ትለኛለች። ወላሂ ትሰደኛለች!»

አትሳቁባት። እዚህ ያለን ሁላችን እናውቀዋለን። በሰው ቤት የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሠራተኛዋ ነው። ጉንዳን ቢያልፍ የእሷ፣ በረሮ ቢወጣ የእሷ፣ አቧራ ከበረሃ ቢመጣ የእሷ። ባሕር ውስጥ ነፍስ ቢፈጠር የእሷ የማይሆነው ለምንድን ነው?

እኔም ባባ ጀብሪል ጋዜጣ የሚያነብበትን ማጉያ መስታወት ከጠረጴዛው አንሥቼ ሰጠኋት። «መጀመሪያ እይው። ካየሽው በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ» አልኳት።

አየች። ዝም አለች። ሰዒዳ ዝም ስትል ያያችሁ እጃችሁን አውጡ! ማንም የለም፤ እኔ ብቻ ነኝ።

የምታየው የጤፍ ፍሬ የማታህል ፍጡር ነበረች። ገላዋ እንደ ብርጭቆ ነው፤ የበላችው ሁሉ ሲያልፍ ይታያል። ዓይኗ አንድ ነው፤ ግንባሯ መሃል ቀይ ነጥብ። ሁለት ረጃጅም ቀንድ አላት። ጥቂት ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ስፍንጥር ትላለች። ከሆዷ ሥር ደግሞ አንድ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ ከረጢቱ ውስጥ ፍሬ ፍሬ የሚል ነገር ታጭቋል።

«አባባ፣ ምንድን ነው የተሸከመችው?»

«እንቁላሏን ነዋ። ልጆቿን።»

«ተሸክማ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለች ሰዒዳ። ልጇን ወሎ እናቷ ዘንድ ትታ የመጣች ሴት ናት። የበረኪናውን ክዳን ግጥም አድርጋ ዘግታ ወደ ቦታው መለሰችው።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለን! ሙሄን ጠራነው። ድንጋዩ ላይ መርፌ የማያክሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ዝም ብላችሁ ስትጠብቁ ከየቀዳዳው አንዳንድ ማራገቢያ ይወጣል፤ ላባ የመሰለ፣ ነጭና ወይን ጠጅ። ትሎች ናቸው አሉ፤ ግን እንዲህ ያለ ትል አይታችሁ ከሆነ ንገሩኝ። ሙሄ ጣቱን ቢቀስር፣ ጥላው እንዳረፈባቸው ሁሉም ባንዴ ጥፍት! ሙሄ እስከ በሩ አፈገፈገ።

«ቢስሚላህ! ጋሽ ሚልኪያስ፣ ይሄ ድንጋይ ያየናል!»

ወንድሜ ሙሄ፣ ሌባ ይመጣል ብሎ የማይፈራ ጀግና፣ ከላባ ሸሸ። መሸሹን ተዉት፣ አባባሉን ግን ልብ በሉ። እኔ እስከ ዛሬ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

እጅግዬስ? ተይ፣ አትደበቂ! ዓሣዎቹን የሸጠለት ነጋዴ ለባባ ማስተዛዘኛ ብሎ አንድ ትንሽ ሽሪምፕ፣ ያን ባለ ቅርፊት ባለ ጢም የባሕር ፍጡር፣ መርቆ ሰጥቶት ነበር። አንድ ቀን እጅግዬ ጮኸች። «ጋሽ ሚልኪያስ፣ ድረስ! ሽሪምፑ ሞተ!» ሄድኩ። እውነትም በጎኑ ተጋድሟል፤ እግሩ፣ ጢሙ፣ ዓይኑ ሳይቀር ድርቅ ብሏል። አማተበች። «እሱም ያለ ዘመድ በሰው አገር ቀረ» አለች፤ እንባዋ መጥቶ ነበር፣ አትካጂ። ለቅሶ ልንቀመጥ ምንም አልቀረንም። ድንገት ከድንጋዩ ሥር ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ሽሪምፑ ራሱ! የራሱን ሬሳ ረግጦ አለፈ!

«በስመ አብ! ከቀብሩ ወጣ!»

ለካስ ልብሱን ነው ያወለቀው። እስከ ጢሙ ጫፍ፣ እስከ ዓይኑ ሽፋን፣ አንድ ሳያስቀር አውልቆ፣ ለስላሳ ሆኖ፣ አዲሱ ቅርፊቱ እስኪጠነክር ተደብቆ ነበር። እኔ በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ። ግን አሮጌ ማንነቱን መሬት ላይ ጥሎ በላዩ የሚራመድ ፍጡር አላየሁም። እጅግዬማ ከዚያን ቀን ወዲህ ለእንግዳ ሽሪምፕ ስትጠብስ ይቅርታ እየጠየቀች ነው።

የኅዳር 2006 ፍተሻ ትዝ ይላችኋል። ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለውም የሌለውም ከበር መውጣት የፈራበት ሰሞን። ፉጣ ያሉት ወንድሞቻችን ስልክ ሲያነሡ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። በዚያ ሰሞን ዓለም ለእኛ ከበሩ እስከ ግድግዳው ሆና ነበር። ባባና ማዳም ዘመድ ሊጠይቁ ሲወጡ አራታችን ገንዳው ፊት እንቀመጥ ነበር። ስለ ፍተሻው አናወራም። ማጉያውን እንቀባበላለን። «እዚህ ጋ አዲስ ነገር አለ!» «የት?» «ተነሽ፣ እኔ ልይ!» ከአንዲት ቀዳዳ እንደ ክር የቀጠነ የባሕር ኮከብ ክንድ ይወጣል፣ ይዳብሳል፣ ይመለሳል። ድንጋዩ የሰው ጭንቅላት ቢያክል ነው፤ በየቀኑ አየነው፣ አይተን አልጨረስነውም። እስከ ዛሬም አልጨረስነውም። ፈጣሪ ይህን ሁሉ ጥበብ ማንም በማያየው ቦታ ለምን አፈሰሰው? ይህን ጥያቄ ከእኔ የተሻለ ሰው ይመልሰው፤ እኔ መደነቁ ይበቃኛል።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ውሃው ሲጎድል ጨው የሌለው ውሃ ብቻ ጨምሩ፤ ወደ ሰማይ የሚሄደው ውሃው እንጂ ጨው አይደለም። ምግብ በጣት ጫፍ ቁንጥር። ፍሊት በዚያ ክፍል አይነፋ፤ ለዝንብ የሚነፋው መርዝ እነሱንም ይጨርሳቸዋል። ይኸው ነው።

ታዲያ ተጠያቂው ማን ይሁን?

አሃ። አሁን ሁሉም ጫማውን ያያል። ሰዒዳ፣ አንቺስ? ጮክ ብለሽ ተናገሪ።

«አባባ፣ እኔ እወዳቸዋለሁ። ግን አንዷ ብትሞት ገደልሽ የምባለው እኔ ነኝ። አንተ ትሄዳለህ፣ እኔ እቀራለሁ።»

እውነት ብለሻል። የሽማግሌ ፍቅር ልጅን ሥራ ማሳጣት የለበትም። እንግዲያው ቅዳሜ…

ምን? ማን ነው ያቋረጠኝ? እጅጋየሁ? ቁሚና ድገሚው፣ ከነሲም የመጡትም ይስሙ።

«የምትይዘው ሰዒዳ፣ የምጠየቀው እኔ ነኝ አልኩ! አሁኑኑ ገብቼ ለማዳም እነግራታለሁ። እኔን ብታባርር የካብሳ ሩዟን ማን ይሠራላታል? ሙሄም ባልዲውን ያስቀምጥ። አንተም ዝም በልና ተቀመጥ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ!»

እይዋት! ይህን ሁሉ ዘመን ወጥሽ ጨው በዝቶበታል ያልኳት ሴት ናት። እህቴ፣ በዝቶ አያውቅም። ውሸቴን ነበር፤ ስትቆጪ ደስ ስለሚለኝ ነው።

እንግዲህ ልመርቃችሁ፣ ተነሡ። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም አሜን ያስፈልገኛል። ያላችሁበትን ሥራ በሰላም ፈጽማችሁ በእግራችሁ አገራችሁ ግቡ። ሰዒዳ፣ ልጅሽን በቁምሽ አቅፈሽ ሳሚ። ሙሄ፣ የተከልከው ይጽደቅልህ። እጅጋየሁ፣ እጅሽ አይድከም፣ አፍሽም አይዘጋ። ሁላችሁንም ሰው ባዶ ናቸው ብሎ በሚያልፋችሁ ቤት ሁሉ፣ ጎንበስ ብሎ የሚያያችሁ አይጥፋባችሁ።

አሜን በሉ እንጂ!