የገረጣችው ሥዕል

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ የአንኮበር ቄስና አንድ ወጣት ተማሪ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

“ውጭ አገር ሄደህ ምን ልትማር ነው ልጄ?” አሉት ቄሱ።

“ለሁለተኛ ዲግሪ ነው አባ። የሙዚየም ዕቃ አያያዝና አጠባበቅ።”

“ይህም ትምህርት አለው? የምትጠብቁት ከሌባ ነው?”

“ከሌባም፣ ከብልም፣ ከፀሐይም።”

“ፀሐይ ደግሞ ምን አደረገች?”

“ቀለም ትበላለች። ሥዕል ፀሐይ ላይ ከዋለ እየቆየ ይገረጣል።”

“እኛ እኮ የእመቤታችንን ሥዕል ክረምት በወጣ ቁጥር ፀሐይ ላይ እናሰጣታለን፤ ብል እንዳይበላት ብለን።”

“ታዲያ አልደበዘዘችም?”

“ፊቷ ሊጠፋ ምን ቀረው! አንዲት ሴት ሳትነጻ ተሳልማት ነው ተባለና ምህላ ያዝን።”

“ሴትዮዋስ?”

“ከቅጽሩ እንዳትገባ ተገዘተች።”

“እስከ ዛሬ?”

“እስከ ዛሬ። ከውጭ ቆማ ታስቀድሳለች።”

ቄሱ ወደ ተማሪው ዞር አሉ።

“እስቲ ያን የፀሐይዋን ነገር ድገምልኝ ልጄ፤ ቀስ ብለህ። ለደብሩ ሰው የምነግረው ነው።”

በመስኮቱ የገባችውን ፀሐይ በነጠላዬ ጋረድኳት።