በእምብርት የወጣችው ከረጢት

ትራስ ሰፊዋ አያት ወሬ ካላወሩ ምራቃቸው ይደርቃል። ያን ቀን ጠዋት በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሙዝ የምትልጥ አንዲት ቀጭን ልጅ አገኙና ሳይጠየቁ ጀመሩላት።

«አንቺስ ማን ታሞብሽ ነው? እኔ የልጅ ልጄ ናት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኘ ይሉኛል፤ በልጅ ሆድ ጠጠር! በበላች ቁጥር ቀኝ ጎኗን ይዛ ስትንቆራጠጥ፣ እኔ ሆዳም እያልኩ የትል መድኃኒት ስግታት ዓመት አለፈ።»

«ልጆችንም ይይዛቸዋል፣ እማማ።»

«እሱስ ይሁን። ሐኪሟን ግን ሰምተሻል? ትናንት የተወለደች ናት አሉ። በእምብርቷ በአንዲት ቀዳዳ ገብቼ የሐሞት ከረጢቷን ከነጠጠሩ አወጣለሁ አለች! በቀዳዳ የሚገባ ሌባ ነው እንጂ ሐኪም ነው? ልጄ ደግሞ ‹እናቴ እሺ ካላለች አልፈርምም› ብላ ያውና ወረቀቱን ታቅፋ ተቀምጣለች።»

ልጅቷ ሙዟን ዋጥ አደረገች። «ትናንት የተወለድኩት እኔ ነኝ» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እሳቸው ግን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና፣ «እንግዲያው ፊት ለፊት ነው የነገርኩሽ፤ ሐሜት አይባልም» አሉ።

ሐኪሟ ሳቀች። «ታዲያ ምን ላድርግ ይላሉ?»

«ሰፋ አድርገሽ ቅደጂያ! እኔን ለዚሁ ለሐሞት ጠጠር የቀደደኝ ሐኪም ስንዝር ሙሉ ነው የቀደደኝ።» ያቺን ጠባሳ ያላየላቸው ጎረቤት የለም። «አንቺ በዚያ ጨለማ ምን ይታይሻል?»

«ቀጭን ካሜራ ከነመብራቱ አስገባለሁ። ሆዷን በጋዝ ነፋ ሳደርገው ቦታው ይሰፋልኛል፤ ሁሉም በቴሌቪዥን ጎልቶ ይታየኛል። የከረጢቷን ቱቦ ዘግቼ እቆርጥና፣ ከጉበቷ አላቅቄ በዚያችው ቀዳዳ ስቤ አወጣታለሁ።»

«ከወጣችስ ልጅቷ በምን ትኖራለች?»

«ሐሞቱን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቷ ማስቀመጫ ናት። እርስዎ ያለ እሷ ስንት ዓመት ኖሩ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ምን ጎደለብዎ?»

«ምንም» አሉ፤ «ምላሴም እንዳለች ናት።»

ሐኪሟ አንገትጌያቸው ላይ የተሰካችውን መርፌ አየች። «ትራስ ሲሰፉ በሰፊው ነው የሚከፍቱት?»

«አብጃለሁ? በግልባጩ እሰፋና ሦስት ጣት የምታህል ክፍት እተዋለሁ። ትራሱ እንዳለ በእሷ ይገለበጣል፣ ጥጡም በእሷ ይገባል። ከዚያ ስፌቷን በመስመሩ ላይ እደብቃታለሁ፤ ማንም...» ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ያየች ልጃቸው ከሩቅ ደነገጠች።

«በክፍቷ አልወጣ ቢልሽስ?» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው ቀስ ብሏል።

«ሌላ ቀዳዳ እጨምራለሁ። እሱም ካልሆነ እንደ እርስዎ ሐኪም እከፍታለሁ። ከቀዳዳዬ ልጅቷ ትበልጥብኛለች።»

አያት ይህችን ሲሰሙ ተነሡ። ተርትሬ እንደገና እሰፋለሁ የማይል ሰፊ ጨርቅ እንደማይሰጠው በሥራቸው ያውቃሉ። «አንቺ!» ብለው ልጃቸውን ጠሩ፤ «ምን ትጠብቂያለሽ? ፈርሚ! የእጅ ሥራ ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው ያለነው።»

ሐኪሟ ከረጢቷን ባወጣች በማግስቱ የልጅ ልጃቸው ቤቷ ገባች። ጎረቤት ሊጠይቅ መጥቶ እምብርቷን ቢያይ ትንሽ ፕላስተር ብቻ። «የታለ ቁስሉ? አታለሏችሁ!» አለች አንዷ። አያት ሐኪሟ በብልቃጥ የሰጠቻቸውን ጠጠሮች አንኳኩባት። «ሃያ ሁለት ዓመት የእኔን ስንዝር አይተሻል፤ የእሷን ስትድን መነጽር አድርገሽ ፈልጊው! ልጅሽ ጎኑን ሲይዝ ሆዳም አትበይው፤ ውሰጂና አስመርምሪው። ዛሬ እንደኔ ሳይቀደድ የሚድንበት ጊዜ መጥቷል።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጅቱ ገመድ ዘላ ገባችና ዳቦዋን ጠርጋ በላች። እጇ ወደ ጎኗ አልሄደም። «ይጨመርልኝ» አለች። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አያትን አየ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ አያት ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ «ጨምሩላት!»