ከዶዘር ነጂው ጋር ልብስ የተቋጠርሁበት ቀን

በእኛ ዘመን፣ ልጆቼ፣ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እግሩን አያነሣም ነበር። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡና ስሙ፤ ተጋድሞ የሚሰማ ሰው ግማሹን ነው የሚሰማው። ይህ የጥንት ነገር አይደለም፤ ከማስተማር በጡረታ ወጥቼ፣ ከጎንደር ወደ ትውልድ መንደሬ፣ ከደባርቅ በላይ ከዋሊያዎቹ ፓርክ ጠርዝ ከተመለስሁ በኋላ የሆነ ነው።

ታዲያ አንድ ጧት መንገድ ሠሪዎች መጡና፣ ዋሊያዎቹ ከገደሉ ወጥተው ውኃ ከሚጠጡበት ምንጭ ላይ ችካል ተከሉ። እና ጎረቤቴን አያ ካሣን «ዝም ልንል ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ምነው መምህር! ምራቴን ምጥ ይዟት በቃሬዛ ተሸክመን ስንወርድ ዋሊያ አግዞን ነበር?» አይለኝም! እውነቱን ነው። «መንገዱማ ይምጣ፤ ግን በታች፣ በበቅሎው መንገድ ይምጣ። ያ ከፓርኩ ውጭ ነው» አልሁት። «ይምጣ ብቻ፤ በየት እንደሚመጣ አንተ እወቅ» ብሎኝ ሄደ።

በማግስቱ ዶዘሩ እያጓራ መጣ። ምንጩ ዘንድ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከፊቱ ቆምሁና፣ ከዘራዬን አንሥቼ «በሕግ አምላክ!» አልሁ። ታዲያ ነጂው የሳንጃ ሰው፣ ደንቡን የሚያውቅ ኖሯል፤ ሞተሩን አጥፍቶ ዱብ አለ። መሐንዲሱ ከኋላ፣

«ምን ሆነህ ቆምህ?»

«ጌታዬ፣ በሕግ አምላክ ተብያለሁ!»

«እና?»

«እናማ እንዴት ብዬ ልንቀሳቀስ?»

እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ልመለስ ስል ነጂው ጋቢዬን ጨበጠ። «አያ፣ ወዴት ነው? አቁመውኝ ጥለውኝ ሊሄዱ? ዳኛ ፊት እንቀርባለን እንጂ!» ተመልከቱ እንግዲህ! ዕድሜ ልኬን ሥርዓት ያስተማርሁ ሰው፣ የሥርዓቱን ግማሽ ረስቼዋለሁ። በአባቶቻችን ደንብ ከሳሽም ከተከሳሹ ጋር ልብስ ለልብስ ይታሰራል እኮ! እና የጋቢዬን ጫፍ ከፎጣው ጫፍ ጋር ቋጠርነውና ተነሣን። መሐንዲሱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ደባርቅ ድረስ በእግር? ማኪናዬ ውስጥ ግቡ» አለ።

«መንገድ የሚቃወሙት አያ ማኪና ይገባሉ?» አለ ነጂው።

«እኔ ማኪና አልጠላሁም፤ የጠላሁት በዋሊያ ጓዳ ማለፉን ነው!» ብዬ ገባሁ። እሱም ተከተለኝ፤ ምን ምርጫ አለው!

ደባርቅ ደርሰን በዳኛ ፋንታ የወረዳው አስተዳዳሪ ፊት ቆምን፤ ነገሬን በወጉ አስረዳሁ። አስተዳዳሪው፣ «በታች በኩል ገደል ነው፤ ማሽን አይወጣውም ተብያለሁ» አለ። ታዲያ ተከሳሼ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ይወጣዋል ጌታዬ። የምነዳው እኔ ነኝ፤ ቦታውንም አይቼዋለሁ» አለ።

መሐንዲሱ ዞሮ፣ «አንተ የማን ወገን ነህ?»

«እኔማ ተቋጥሬ ነው የመጣሁ፤ ዳኛ ፊት እንዴት ልዋሽ?»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ተከሳሽ ለከሳሹ ሲመሰክር እኔም የዚያን ዕለት ገና ማየቴ ነው። መሐንዲሱ ግን፣ አይታማም፣ ራሱ ወርዶ ለካና አመነ፤ ችካሉም ተነቅሎ በታች ተተከለ።

ዋሊያዎቹስ? ዛሬም ከምንጫቸው ናቸው። መንገዱም አያ ካሣ ደጃፍ ደርሷል። ታዲያ እሱ ባለፈ ቁጥር፣ «መምህር፣ አንተ ያመጣኸው ጠመዝማዛ ሆዴን በጠበጠው!» ይለኛል። ከማኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ እኮ ነው እንዲህ የሚለኝ! ሃ ሃ ሃ!